ፍርዱ ለሰሚው፦ ተረትና የልብ ድምፅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ክራር፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በዙሪያው ሆናችሁ ይህን ሳምንታዊ ዝግጅት የምትከታተሉ ሁሉ፣ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው በውስጡ የሚሰማውን ምሪት ማዳመጥ እንዴት ይማራል? ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ ከወንድሜ ጋር ልታረቅ ወይስ ልተወው፣ ይህን ገንዘብ ልቀበል ወይስ ልመልስ በሚባልበት ሰዓት ውስጣችን አንድ ነገር ይላል። አንዱ ልቤ ነገረኝ ይላል፤ ሌላው ሕሊናዬ ነው ይላል፤ አማኙ ደግሞ አምላኬ መራኝ ይላል። ያ የሰማነው እውነተኛ ምሪት ይሁን የራሳችን ምኞት፣ ወይም ፍርሃታችን፣ በምን እናውቃለን?

ለዚህ ጥያቄ ዛሬ አንድ መልስ እናቀርባለን። ውስጥን ማዳመጥ እንደ ማንኛውም ሙያ ትምህርት ይፈልጋል፤ በአገራችን ደግሞ ለዚህ ትምህርት የቆየው ቤት ተረትና ትውፊት ነው። ተረት ይህን አድርግ፣ ያን ተው ብሎ አያዝም። ታሪኩን ያቀርባል፤ ፍርዱን ለሰሚው ይተዋል፤ ሰሚውም የፈረደውን በሰው ፊት አውጥቶ እንዲናገር ይጋብዘዋል። ሦስቱን ነገሮች ያዙልን፦ ታሪኩ ይቀርባል፣ ፍርዱ ለሰሚው ይተዋል፣ ፍርዱ በሰው ፊት ይፈተናል።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

እስቲ በዚችው በአዲስ አበባ ሆነ ተብሎ ከሚነገር ተረት እንጀምር። ሃሮልድ ኩርላንደርና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተረት ነው። አርሃ የሚባል ወጣት ከጉራጌ አገር መጥቶ ሀብቶም ለሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ያድራል። አንድ ብርዳማ ምሽት ጌታው፣ ሰው ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን ሙሉ በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ቆሞ በሕይወት ሊያድር ይችል ይሆን ብሎ ያስባል። አርሃ እችላለሁ ይላል። ይወራረዳሉ፤ ካደረ ቤት፣ መሬትና ከብት ሊሰጠው። አርሃ ግን ቃሉን ከሰጠ በኋላ ፍርሃት ይይዘውና ወደ አንድ የአገሩ ሽማግሌ ሄዶ ያማክራል። ሽማግሌው በማዶ እሳት አነድልሃለሁ፤ ዓይንህን ከእሳቱ አትንቀል፣ እኔም ስለ አንተ ነቅቼ እንደማድር አስብ ይለዋል።

አርሃ አደረ። ጌታው ግን እሳት እያየህ ስላደርክ ውርርዱን አፍርሰሃል ብሎ ከለከለው፤ ዳኛውም ለጌታው ፈረደ። ከዚያ በኋላ ዳኛውና ጌታው ሁለቱም የተጠሩበት ግብዣ ተሰናዳ። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ምግቡ ግን አልቀረበም። እንግዶቹ ተርበው ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ ሽታው እናንተን ካላጠገበ የማዶው እሳት አርሃን እንዴት ሊያሞቀው ቻለ የሚል መልስ ተሰጣቸው። አርሃም የሚገባውን አገኘ።

አድማጮቻችን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? እሳቱ አርሃን አሙቆታል ወይስ አላሞቀውም? ለቆዳው አንዳች ሙቀት አልደረሰውም፤ ነገር ግን ያ እሳት ባይኖር ኖሮ ሌሊቱን ባልዘለቀው ነበር። ተረቱ ሁለት ዓይነት እርዳታ መኖሩን ያሳየናል፤ አንዱ አካልን ያሞቃል፣ ሌላው ቆሞ ለማደር ብርታት ይሰጣል። መንፈሳዊ ምሪት የምንለው ነገር በአብዛኛው የሁለተኛው ወገን ነው። ብርዱን አያጠፋም፤ በብርዱ ውስጥ የምንመለከተውን ይሰጠናል። ደግሞ ልብ በሉ፤ አርሃ ይህን ያገኘው ብቻውን አይደለም። ፈርቶ ሄዶ ጠየቀ፤ ማዶ ላይም አንድ ሰው እንጨት እየጨመረ አብሮት አደረ።

በዚህ ተረት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ልጆች ተረቱን ሲሰሙ ዳኛው ለጌታው የፈረደበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆጣሉ። ገና ግብዣው አልተጠራም፤ ተራኪው ዳኛው ተሳስቷል አላለም። ያ ቁጣ ከየት መጣ? ማንም አልነገራቸውም። ዳኛው የተከበረ ሰው ነው፣ ሕግ ያውቃል፤ ሆኖም የሰባት ዓመት ልጅ ልክ አይደለም ይላል። ዛሬ የምንናገርለት የውስጥ ድምፅ ይኸው ነው። ተረቱ ጠርቶ አወጣው፤ ልጁም በውስጡ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋለ። እውነትን ተናገር የሚል መቶ ትእዛዝ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ትእዛዝ ልጁን ያስታውሰዋል እንጂ አያስፈርደውም።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

ለዚህ ማሰልጠኛ የሚሆኑ ልማዶች በባህላችን ውስጥ አሉ። በአማራ ገጠር ማታ ማታ ከተረት በፊት ብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ይቀድማል። ጠያቂው እንቆቅልህ ይላል፤ ተጠያቂው ምን አውቅልህ ይላል፤ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። ከዚያ ተረት ተረት ይመጣል፤ ልጆችም የላም በረት ብለው ይቀበላሉ። ጨዋታ ይመስላል፤ ጨዋታም ነው። ነገር ግን ልጁ መልሱ ወዲያው የማይገኝ ጥያቄ ይዞ መቀመጥን ይለምዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ለ15 ደቂቃ ያለ ስልክ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን አስቀመጧቸው። ከተፈለገ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ቁልፍ አጠገባቸው ነበር። ከወንዶቹ አብዛኞቹ፣ ከሴቶቹም ሩብ ያህሉ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ራሳቸውን ማንዘርን መረጡ። ዝም በልና ውስጥህን ስማ የሚለው ምክር ብቻውን ለብዙ ሰው የሚከብደው ለዚህ ነው። ተረት ለሐሳብ የሚጨብጠውን ይሰጠዋል፤ በአርሃ አሳብቦ ሰው ስለራሱ ያስባል።

ይህ ልማድ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ያደገበትን ቦታ ለማየት ደግሞ ወደ ቅኔ ቤት እንሂድ። ጎጃም ውስጥ እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ፣ በጎንደርና በወሎም ስማቸው የታወቀ ጉባኤዎች አሉ። እዚያ መምህሩ አገባቡን ካስተማረ በኋላ ታሪክ ይነግራል፦ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ የጻድቃንን፣ አንዳንዴም የአገር ነገሥታትን ታሪክ። ተማሪው ያን ታሪክ ይዞ ለብቻው ይወጣል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል። ከባለ ሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጅሞቹ ይሸጋገራል። የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ማምጣት ነውር ነው፤ ትናንት የተናገረውንም ዛሬ መድገም አይገባውም። ታሪኩን መምህሩ ሰጥቶታል፤ ምሥጢሩን ግን ከራሱ ማውጣት አለበት።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ትምህርቱ ጎዶሎ በሆነ ነበር። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ ይመለስና ለመምህሩ ይናገራል። መምህሩ ይሰማል፤ ይህ ስንኝ ተሰብሯል፣ ይህ ምሥጢር አይገጥምም፣ ይህ ደግሞ ውብ ነው እያለ ያርማል። ተማሪው ለብቻዬ ስቆጥር የመጣልኝ ነውና አይነካብኝ ማለት አይችልም። እስቲ ይህን አሠራር አስተውሉት። ብቸኝነት አለ፤ ታሪክ አለ፤ ከውስጥ የሚመጣ አዲስ ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከበቂ ሰው ፊት ቀርቦ መታረም አለ። ውስጥን ስለ ማዳመጥ በዘመናችን ብዙ ይነገራል፤ ብዙው ንግግር የመጀመሪያዎቹን ይይዝና የመጨረሻውን ይጥለዋል። የቅኔ መምህራን ግን የመጨረሻው ከሌለ የፊተኛው እንደማይታመን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያውቁት ኖረዋል።

(አጭር የበገና ድምፅ)

እስካሁን ያልነውን እንድገመው። ተረት ታሪኩን ያቀርባል፤ ፍርዱን ለሰሚው ይተዋል፤ ፍርዱም በሰው ፊት ይፈተናል። አሁን ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍቱና ትውፊቱ ስለዚሁ ነገር የሚተርኩትን እንስማ። ሁላችሁም የምታውቋቸው ናቸውና በአጭሩ እናልፋቸዋለን፤ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉልን፦ ድምፁን የሰማው ሰው የተነገረው ነገር የሚመቸው ነበር ወይ?

ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ስሙ ሲጠራ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሦስት ጊዜ ሮጠ። ድምፁን ከሰው ድምፅ መለየት አልቻለም ነበር። የእግዚአብሔር ጥሪ መሆኑን ያስተዋለው ሽማግሌው ዔሊ ነው። ከዚያ በኋላ ሳሙኤል የሰማው ቃል በዚያው በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበር፤ ልጁም ሊነግረው ፈራ። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ በዝግታ የመጣውን ድምፅ ሲሰማ በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚል ጥያቄ ቀረበለት፤ ሸሽቶ ወደመጣበት ሕዝብም ተመልሶ እንዲሄድ ታዘዘ። ቅዱስ ያሬድም ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሳለ፣ አንዲት ትል ወደ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች ደጋግማ ስትሞክር አይቶ ወደዚያው ወደሸሸው ጉባኤ እንደተመለሰ ይተረካል። ሦስቱም ሰዎች የሰሙት የሚመቻቸውን አልነበረም። ሦስቱም ወደ ሰው ተመለሱ።

ሙስሊም አድማጮቻችን ደግሞ በየጁምዓው የሚቀራውን የቁርኣኑን የዋሻ ምዕራፍ፣ ሱረቱል ካህፍን፣ ያውቁታል። በውስጡ ነቢዩ ሙሳና ትውፊቱ ኸድር የሚለው የአላህ ባሪያ አብረው ይጓዛሉ። ኸድር የድሆችን ጀልባ ይቀዳል፣ ልጅ ይገድላል፣ ያላስተናገዳቸውን ከተማ ግድግዳ ያለ ዋጋ ያቀናል፤ ሙሳ በየጊዜው መታገሥ ያቅተውና ይጠይቃል። ይህ ታሪክ ከባድ ነው፤ ሊቃውንትም ለዘመናት ሲያብሰለስሉት ኖረዋል። ቢያንስ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ሕግ የተሰጠው ሙሳ እንኳ የነገሩን ፍጻሜ ሳያይ ሁሉን አላወቀም፤ መጽሐፉም የሙሳን ተቃውሞ ሳይደብቅ አስቀምጦታል። በተግባር ደግሞ ኢስቲኻራ አለ። ሰው በአንድ ጉዳይ ሲያመነታ ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ ነገሩ መልካም ከሆነ አቅልልኝ፣ ካልሆነ ከእኔ አርቀው ብሎ ይለምናል። ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መመካከርም አብሮት የሚሄድ ነው። በሩቅ አገርም ሶቅራጥስ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚሰማው ድምፅ ሲናገር፣ ድምፁ ሊያደርግ ካሰበው ነገር ይከለክለው ነበር እንጂ ይህን አድርግ ብሎ አይገፋፋውም ነበር።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ ከባድ ስለሆኑ አንሸሻቸውም። የመጀመሪያው ተቃዋሚ እንዲህ ይላል፦ የውስጥ ድምፅ የምትሉት የሰው ምኞት ነው፤ ምኞት ላይ ተረት ቢጨመርበት የበለጠ ይጎላል እንጂ አይጠራም። ይህ ተቃውሞ ግማሹን እውነት ይዟል። ምኞት በእውነት የምሪትን ድምፅ አስመስሎ መናገር ይችላል። ነገር ግን ምኞት አንድ የሚያጋልጠው ጠባይ አለው፤ ዘወትር እኔን ባለታሪክ ያደርገኛል። ተረት ደግሞ ሰሚውን ሳያስጠነቅቅ ቦታ ያስቀይረዋል። የአርሃን ታሪክ የሚሰማ አሠሪ ራሱን አርሃ አድርጎ ይጀምራል፤ ትንሽ ሲያስብ ግን እርሱ ሀብቶም ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በሰበብ የያዘበትን ወር ያስታውሳል። ያን ሰዓት የተሰማው ነገር ምኞት ነውን? ማንም ሀብቶም መሆንን አይመኝም። እንግዲህ አንድ መለያ አገኘን፦ የሰማነው ነገር እኛኑ የሚከሰን፣ የሚያስከፍለን ከሆነ፣ ምኞት የመሆኑ ነገር ይጠባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከታሪክ የመጣ ነው። ትውፊት ለሥልጣን አገልግሏል፤ ሕዝብ የራሱን ልብ እንዳይሰማ አድርጓል ይላል። እውነት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት የንግሥት ማክዳን፣ የንጉሥ ሰሎሞንንና የልጃቸውን የምኒልክን ታሪክ ይተርካል፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከዚያው ሐረግ አያይዞ በሕግ አጸናው። አንድ ትውፊት የሕግ አንቀጽ ሲሆን ፍርዱ ከሰሚው ይወሰዳል፤ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና የሚጠየቅ ነገር አይቀርም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያው የማክዳ ታሪክ ከሕግ አንቀጽ ውጭ ሲነበብ፣ ሀብትና ዙፋን ያላት ሴት ነጋዴው ታምሪን ያመጣላትን ወሬ ሰምታ፣ ጥበብ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሄደችበት ታሪክ ነው። እናንተስ ምን ልትፈልጉ ትሄዱ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ትውፊትን ስንሰማ እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ይህን ታሪክ የሚነግረኝ ሰው እንድፈርድ ይፈቅድልኛል ወይስ ፈርዶ ጨርሷል?

ሦስተኛው ተቃዋሚ የሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ አንባቢ ነው። የሐተታው ባለታሪክ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ክርክር ተሳዶ፣ መዝሙረ ዳዊትን ይዞ፣ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አሰበ። የደረሰበትም ሰው ከአባቶቹ የተቀበለውን ሁሉ ሳይመረምር ማመን እንደሌለበት፣ እግዚአብሔር በሰው ልብ ባኖረው ብርሃን መመርመር እንዳለበት ነው። መጽሐፉን የጻፈው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው በሚለው ላይ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጥርጣሬውን ካቀረበ ጀምሮ ሊቃውንት እየተከራከሩ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟግተዋል። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢቀጥል ሐሳቡ መልስ ይፈልጋል። የእኛ መልስ ይህ ነው፤ መርምር የሚለውን ምክር እንቀበላለን፤ መመርመር የሚችል ሰው ግን ከሰማይ አይወርድም። ዳኛው ልክ አይደለም ብሎ በተረት የለመደ ልጅ ነው ሲያድግ የተሰጠውን ሁሉ የሚመረምረው። ደግሞም የሐተታው ሐሳብ ራሱ ወደ እኛ የደረሰው በታሪክ መልክ ነው፤ የተሰደደ ሰው፣ ዋሻ፣ ጸሎት፣ ከዚያም ጥያቄ።

አራተኛው ለከተማችን በጣም ቅርብ ነው። በየአዳራሹ፣ በየስልኩ ስክሪን ላይ፣ እግዚአብሔር ስለ አንተ እንዲህ ብሎኛል እያሉ የሰውን ትዳር የሚበትኑ፣ ገንዘቡን የሚያወጡ፣ ሕመምተኛውን መድኃኒቱን የሚያስጥሉ አሉ። ይህን ያየ ወላጅ ስለ ውስጥ ድምፅ የሚያወራ ዝግጅት ቢያስፈራው አይፈረድበትም። ጉዳቱ የእውነት ነው፤ የተጎዱትም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ በግልጽ እንናገር፦ ለሌላ ሰው ሕይወት ትእዛዝ ይዞ የሚመጣ፣ መጠየቅን የሚከለክል፣ ለባለ ድምፁ ጥቅም የሚያመጣ ነገር ዛሬ ከጠቀስናቸው ታሪኮች ከአንዱ ጋር እንኳ አይገጥምም። ዔሊ ሳሙኤልን አዳምጥ አለው እንጂ እኔ ልስማልህ አላለውም። የቅኔ መምህሩ ተማሪው የቆጠረውን ያርማል እንጂ በእርሱ ፋንታ አይቆጥርለትም። ራሴ ኸድር ነኝ ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፤ ታሪኩ የኸድርን ዕውቀት የሰጠው አላህ መሆኑን ይመሰክራል፤ ለእኛ የቀረው የሙሳ ቦታ ነው፣ መጠየቅና መታገሥ። መድኃኒት አቁም ያለውን ድምፅ ለሐኪም፣ ለንስሐ አባት፣ ለኢማም፣ ለመጋቢ፣ ለሚወዳችሁ የቤተሰብ ሰው ሳታሳዩ አትከተሉ።

(አጭር የክራር ድምፅ)

በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ሁሉ በተግባር ምን ይመስላል? ችግሮቹን እናውቃቸዋለን። የቦሌ ሰማይ የአውሮፕላን ነው፣ መንገዱ የግንባታ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ተረት አዋቂዋ አያት አንድ ሕንፃ ላይ፣ የልጅ ልጆቿ ሌላ ሠፈር ናቸው። በቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ያም ሆኖ ይህ አካባቢ ሌላ ሠፈር በቀላሉ የማያገኘው ሀብት አለው። በየካ ተራራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል የራሱ ትውፊት አለው። የአካባቢው ነባር የኦሮሞ ቤተሰቦች ኦዱ ዱሪ የሚሏቸው ጥንታዊ ታሪኮች አሏቸው። በቦሌ ሚካኤል በኩል የሚኖሩ የሶማሌ እናቶች ደግሞ ደግዴር ስለምትባለው ባለ ረጅም ጆሮ ሰው በላ ሴት ይተርካሉ። ደግዴር እጅግ ሩቅ ያለውን ኮቴ ትሰማለች፤ የምትሰማው ግን ለመብላት ነው። ጆሮ መርዘም ብቻውን ጥበብ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ተረት ማግኘት ይቸግራል። በአንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ አራት ጎረቤታሞች አራት ዓይነት ተረት ሊያውቁ ይችላሉ፤ ተጠይቀው ይሆን?

ቡና የሚፈላበት ሰዓት ለዚህ ይመቻል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪወርዱ ድረስ በቂ ጊዜ አለ። በአቦሉ ተረቱን ንገሩ፤ ሳታስረዱ ተዉት። በቶናው ማን ልክ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ ታናሹ መጀመሪያ ይመልስ፣ አዋቂው በኋላ ይናገር፤ አዋቂው ከቀደመ ልጁ የአዋቂውን መልስ ይደግማልና። በበረካው ደግሞ እያንዳንዱ ከራሱ ሕይወት ተረቱን የሚመስል አንድ ጉዳይ ካለው ያምጣ፤ ማምጣት ካልፈለገ አይገደድ። ልጃችሁ ያልጠበቃችሁትን ፍርድ ቢፈርድ፣ ለሀብቶም ቢፈርድ እንኳ፣ አትቆጡት፤ ለምን ብላችሁ ጠይቁትና ምክንያቱን ስሙ። ውርርድ ውርርድ ነው፣ ቃሉ ያለ እሳት የሚል ነበር ካለ ስለ ቃል መጠበቅ የሚያስብ ልጅ አላችሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ተነሥታችሁ መወያየት ትችላላችሁ።

አንዳንድ አድማጮች ቢጠየቅም፣ ቢጸለይም፣ ተረቱም ቢሰማ ምንም ነገር ባይሰማንስ ይላሉ። ይህም ያጋጥማል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ቅኔ ሳይመጣለት የሚቀርበት ቀን አለ፤ ማታ ባዶ እጁን ወደ ጉባኤው ይመለስና የጓደኞቹን ይሰማል፤ በማግስቱም ይወጣል። ዝም ያለ ልብ የተጣለ ልብ አይደለም። ድምፅ ባልተሰማ ጊዜ ደግሞ የታወቀው ግዴታ አለ፤ ደመወዝ መክፈል፣ የታመመ መጠየቅ፣ የተበደረውን መመለስ የተለየ ምሪት አይጠብቁም።

በሚቀጥለው ሳምንት የነቢዩ ሙሳንና የኸድርን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናቀርበዋለን፤ ሦስቱንም ድርጊቶች አንድ በአንድ ቆም እያልን እንጠይቃለን። እስከዚያው ከጎረቤታችሁ አንድ የማታውቁትን ተረት ጠይቃችሁ ስሙ፤ ማን ልክ እንደነበርም ቤተሰባችሁን አስፈርዱ። ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)